ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ

ሐርጌሳ የተላክኩት ሌላ የሚሄድ ሰው ስለጠፋ ነው። ጄኔቫ የተባለ ቀን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድም በሽተኛ አይገኝም። ሐርጌሳ ሲባል ግን የአንዱ ወገብ ተያዘ፣ የሌላዋን ልጅ አተኮሰው፣ ሦስተኛው ድንገት ሰርግ ተጠራ። በመጨረሻ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀረኝን እኔን አስታወሱ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ለእርስዎ ጥሩ ዕረፍት ይሆንልዎታል» አለኝ አዲሱ ኃላፊ። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም። እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ አልነገርኩትም።

ሥራዬ እስር ቤቶችንና ፖሊስ ጣቢያዎችን እየዞሩ ማየት ነው። ሰው ከተሰቃየ በኋላ መክሰስ የሌላ ክፍል ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ እንዳይሰቃይ ቀድሞ መድረስ ነው። ሐርጌሳ ላይ ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ የሰብአዊ መብት ተቋማት ይህንኑ ሥራ እርስ በርስ ሊማማሩ ነበር። እኔ ግን ልማር አልሄድኩም። የተሳታፊዎቹ ዝርዝር ሲደርሰን የአቶ ግርማቸውን ስም አይቻለሁ። ግርማቸው የቀድሞ አለቃዬ ነው። ዛሬ አማካሪ ሆኖ ከአገር አገር እየዞረ እኔ ያዘጋጀሁትን የጉብኝት መጠይቅ በራሱ ስም ያስተምራል። በእጄ አንድ ካኪ ፖስታ ይዤ ነበር፤ በፖስታው ውስጥ ስምንት ገጽ። ሐሙስ ጠዋት «ካለፈው ስህተት ምን ተማርን» በሚል ርዕስ ተራ ተሰጥቶኛል። እሱ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እያየኝ ስምንቱንም ገጽ ላነብበት ነበር።

እሑድ

ሌሎቹ በቀጥታ በረራ ሲሄዱ የእኔ ቲኬት «ስለዘገየ» እስከ ጅግጅጋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና እንድሄድ ተደረገ። ያዘገየውን ሰው አውቀዋለሁ። ሳያስበው ውለታ ውሎልኛል።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ትንሽ እንደሄደ ወይ ጋራ ያቆመዋል ወይ ጉም። ከጅግጅጋ በኋላ ያለው ሜዳ ግን ማቆሚያ የለውም። ሰማዩ ከላይ ብቻ አይደለም፤ በግራም በቀኝም እስከ መሬት ወርዶ ተቀምጧል። ከሩቅ የግራር ዛፎች ረድፍ አየሁ ብዬ ስመለከት ዛፎቹ መሄድ ጀመሩ፤ ግመሎች ነበሩ። ስልሳ ዓመት ገደማ በዚሁ አገር ኖሬ እንዲህ ያለ ስፋት እንዳለው ማንም አልነገረኝም። ነግረውኝ ይሆናል፤ አላመንኩ ይሆናል።

ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩ ገመድ ነው። ካመጣኝ መኪና ወርጄ፣ ማህተም አስመትቼ፣ በእግሬ ተሻገርኩ። ወዲያ ማዶ ሆዳን የምትባል ረዥም ሴት ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ትጠብቀኝ ነበር። አርባ ዓመት ሳይሞላት የአስተናጋጁ ተቋም የጉብኝት ቡድን መሪ ናት። ወላጆቿ ተሰድደው ድሬዳዋ ስለወለዷት አማርኛዋ የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፤ ማለትም ትልቅ ሰው ትንሽ ሰው ሳይል ሁሉን «አንቺ» ይላል።

«ኤዶ ጥሩነሽ አንቺ ነሽ? ነይ አቦ፣ ፀሐይ በላሽ!»

ፊቴን ሳታይ አልቀረችም። «ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ በዚህ ካስኩሽ» አለች።

ከሾፌሩ አጠገብ ልቀመጥ ብዬ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍቼ ገባሁ፤ መሪው ከፊቴ ተደቀነ። እዚያ መኪናው የሚሄደው እንደኛው በቀኝ ቢሆንም መሪውም በቀኝ ነው። ሆዳን በመስኮት ጎንበስ ብላ አየችኝ። «ልትነጂን ነው? እሺ፣ ሾፌራችንም ደክሞታል።»

ቦታ ቀይሬ ስቀመጥ ነው እጄ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት። ካኪው ፖስታ ጅግጅጋ ከሚመለሰው መኪና ውስጥ ቀርቷል። ሌላ ኮፒ አልነበረኝም፤ ማንንም አላምንም ነበርና ኮምፒዩተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፤ በእጄ ነው የጻፍኩት። ሆዳን ስልክ ትደውላለች፣ እኔ ላብ ያጠምቀኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ «እማማ! እማማ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያመጣኝ ሾፌር አብዲ፣ መንገድ ጀምሮ ከወንበሩ ስር አይቶት፣ ተመልሶ፣ መኪናውን ከገመዱ ወዲያ አቁሞ በሩጫ መጣ።

«ምንድነው ውስጡ፣ ወርቅ ነው እንዴ?» አለኝ እያለከለከ።

«የአንድ ሰው ኃጢአት ነው።»

ፖስታውን በእጁ መዘነው። «ታዲያ ምነው ቀለለ?» ብሎ ሰጠኝና ወደ መኪናው ሮጠ።

እስከ ሐርጌሳ ድረስ ፖስታውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። አንባቢ ውስጡ ያለውን አሁኑኑ ይወቅ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ፣ እኔና ግርማቸው አንድ ፖሊስ ጣቢያ ጎበኘን። እዚያ ብርሃኑ የሚባል ጎማ ጠጋኝ ታስሮ ነበር። ስለሚደርስበት ሁሉ ነገረኝ። ከጉብኝቱ በኋላ ተደበደበ፤ የግራ ጆሮው ዛሬም አይሰማም። ግርማቸው ደግሞ ለጣቢያው አዛዥ የምስጋና ደብዳቤ ሲጽፍ ያነጋገርናቸውን እስረኞች ስም ዝርዝር አያይዞ ልኮ ነበር። የልጁን ጆሮ ያጠፋው ያ ደብዳቤ ነው ብዬ አሥር ዓመት ሙሉ ኖርኩ። ስምንቱ ገጽ ይህ ነው።

ሰኞ

ቁርስ ላሆህ ቀረበልን። ከእንጀራ ጋር ዘመድ ነው፤ ግን ትንሽና ለስላሳ፣ ጣፈጥ የሚል፣ በቅቤና በማር የሚበላ። እንጀራን በማር! እናቴ ብታይ ታማትብ ነበር። እኔ ሦስት በላሁ። ምሳ ላይ ሩዝና የግመል ሥጋ መጣ፣ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ። ሙዙን ለኋላ ብዬ ወደ ዳር ሳደርገው አስተናጋጁ በትዕግሥት መልሶ አቀረበልኝ። ሆዳን ልጣ ከሩዙ ጋር አጎረሰችኝ። ስህተት አላገኘሁበትም፤ ፈልጌ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ግርማቸው እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። «ጥሩዬ! አላረጀሽም እኮ!» ከዚያ ለተሰበሰቡት በእንግሊዝኛ፣ «ይህችን እኔ ነኝ ያሳደግኳት» አለ። ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ግርማቸው» ብዬ አለፍኩ።

ቀኑን ሙሉ መጠይቄን በስክሪን ላይ እያሳየ አስረዳ። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ያለው «ሽታው ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ እንኳ የእኔ ነው፤ አንድ ዝናባማ ቀን ከእስር ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ የጻፍኩት። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴትዮ «ይህን ጥያቄ የጻፈ ሰው በእውነት እስር ቤት ገብቶ ያውቃል» አሉ። ግርማቸው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ቦርሳዬ ላይ እጄን ጫንኩ፤ ፖስታው ነበረ።

ማክሰኞ

ከአስተናጋጆቹ ጋር አንድ ፖሊስ ጣቢያ ልንጎበኝ ወጣን። ግርማቸው ስላይድ ላስተካክል ብሎ ሆቴል ቀረ። መንገድ ላይ ነጠላዬ አሥር ጊዜ ከራሴ ተንሸራተተ። ሆዳን ሳትጠይቀኝ ከሻርፗ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ አገጬ ስር ያዘችልኝ፤ ቀኑን ሙሉ አልተንቀሳቀሰም።

የጣቢያው ግቢ ጸጥ ያለ ነው። ከአንድ ግራር ስር ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ሁለት። ፖሊሶቹ ከበረንዳው ሆነው ያያሉ፤ አይሰሙም። ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ቀጥሎ ያየሁትን ግን የትም አላየሁም። ሆዳን ማን ይጠራ ብላ አልመረጠችም። ከመጀመሪያው ክፍል ከበሩ አጠገብ ካለው ሰው ጀምራ ሁሉንም፣ አንድም ሳትዘል፣ አንድ በአንድ አስጠራች። እያንዳንዱ ሲቀመጥ ስልኳ ላይ ሰባት ደቂቃ ትሞላለች። ስልኩ ሲርገበገብ «ባረከላህ» ብላ አመስግና ትነሳለች፤ የሚቀጥለው ይመጣል።

አማርኛ የሚናገሩ አራት ሰዎች ነበሩና እኔ በሁለተኛው ወንበር እንዳነጋግራቸው ተሰጡኝ። አንደኛው ብሎኬት እንዴት እንደሚመታ ሰባት ደቂቃ አስረዳኝ፤ ሲሚንቶው ከበዛ ይሰነጠቃል። ሌላው አዲስ አበባ ታክሲ አሁንም ሰልፍ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ እግሩን እያየ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እኔም ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሆዳን ከወንበሯ ሆና ምልክት ሰጠችኝ፤ በአየር ላይ የምትጽፍ መሰለች። አልገባኝም። ተነስታ መጣችና «ጻፊ፣ ኤዶ» አለች በጆሮዬ።

«ምን ልጻፍ? አልተናገረም።»

«የፈለግሽውን። አበባ ሳዪ። ብዕርሽ ግን አይቁም።»

እንደ ተማሪ ልጅ ተቀምጬ የመንደሬን ሰዎች ስም ዝርዝር ጻፍኩ።

ከአራቱ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ስድስተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ አንድ ነገር ነበረኝ» አለ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወንበሬን አስጠጋሁ። አፉን ሲከፍት የሆዳን ስልክ ተርገበገበ።

«ኤዶ፣ በቃ።»

«ትንሽ ነው። አምስት ደቂቃ።»

«በቃ። ተነሺ።»

«ሰውዬው እየተናገረ ነው እኮ!»

ሆዳን እሱን ፈገግ ብላ በሶማሊኛ አመሰገነችው፤ እጄን ይዛ አስነሳችኝ። ሰውዬው ሄደ። የሚቀጥለው ሰው ተቀመጠ።

መኪና ውስጥ እንደገባን ፈነዳሁ። «አንቺ ፊደል ስትቆጥሪ እኔ እስረኛ አነጋግር ነበር! ሰው አፉን ሲከፍት ሰዓት አየሽበት። ይህ ጉብኝት ነው? ይህ የአውቶቡስ ተራ ነው!»

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ከበረንዳው ላይ ስንት ፖሊስ ነበር?»

«አራት።»

«ዛሬ ማን ብዙ አወራ ብትያቸው ማንን ይጠሩልሻል?»

አሰብኩ። የብሎኬቱን ሰውዬ ሊጠሩ አይችሉም፤ ዝም ያለውንም አይችሉም። ሁሉም እኩል ተቀምጧል፣ ለሁሉም እኩል ተጽፏል።

«ማንንም» አልኩ።

«አየሽ? እሱን አምስት ደቂቃ ብትጨምሪለት ስሙን በረንዳው ላይ ጽፈሽ ሄድሽ ማለት ነው። ነገ እንመለሳለን። ሳንናገር ነው የምንመለሰው። ያኔም ሁሉንም እንጠራለን። የሚናገር ሰው ያውቃል፤ ሰባቱን ደቂቃ ከመጀመሪያው ይጠቀምባታል።»

«ለምን ሰባት?»

«ይህን እናቴን ጠይቂያት» አለችና ሾፌሩን ወደ ሰፈራቸው ወደ ኮድቡር እንዲነዳ ነገረችው።

የኮድቡር ሰፈር ጠባብ መንገዶች በባጃጅ የተሞሉ ናቸው፤ መኪናችንን ዳር ትተን በእግር ገባን። አዛን ተብሎ ስለነበር አንዲት ቲማቲም ሻጭ ዕቃዋ ላይ ሻርፕ አልብሳ ለሶላት ሄዳለች። ጠባቂ የለም። አላፊው ሁሉ ሻርፑን እያየ ያልፋል። ቆሜ አየሁ፤ እኛ ሰፈር ሻርፑም አይተርፍም።

የሆዳን እናት ወይዘሮ ሐዋ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጡ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይቦዝን ሴት ናቸው። አማርኛ የተማሩት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ እየሸጡ ነው። ቅመም የበዛበት የወተት ሻይ አቀረቡልን። ነገሩን ጠየቅኳቸው።

«በዚያ በክፉ ዘመን ወንድሜ እዚሁ ታስሮ ነበር» አሉ። «እኛ ሴቶቹ ምግብ እናመላልሳለን። አንዷ በሩ ላይ ትንሽ ከቆየች ዘበኞቹ ምን ተባባሉ ብለው ገብተው የእሷን ሰው ይመቱታል። ስለዚህ ተማከርን። ሳህኑን ሰጥተን በልባችን ሰባት ጊዜ ፋቲሓን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ እስክንቀራ እንቆማለን። ከዚያ ዞር እንላለን። የታመመባትም፣ ያልታመመባትም፣ የተጣላችውም። ከባሏ ጋር የተኳረፈች ነበረች፤ እሷም እዚያው ቆማ ሰባቷን ትቀራለች።»

«የምትጨምር አልነበረችም?»

«አንዲት ነበረች። ባሏን በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወስዱት ሰምታለች። ከዚያ በኋላ እንደማታየው ታውቃለች። ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ትጨምራለች ብለን ዓይናችንን መሬት ላይ ተከልን።» ሻይ ቀዱልኝ። «ሰባቷን ቀርታ ዞር አለች። አንድ አልጨመረችም። የሌሎቻችን ሰዎች እዚያ ውስጥ ነበሩዋ።»

በሕይወቴ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የምስክር ወረቀቶቼ አንድ መሳቢያ ይሞላሉ። በዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ግን መሳቢያው ባዶ መሰለኝ። ያችን ሴት ዓይቻት አላውቅም፣ ስሟንም አልጠየቅኩም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዲት ሳህን የያዘች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ ሳላያት የዋልኩበት ቀን የለም።

ረቡዕ

የፈጅር አዛን ቀሰቀሰኝ። ከአንዱ ሚናሬት ወደ ሌላው እየተቀባበለ፣ ከተማው ሁሉ አንድ ትልቅ ደረት ይመስል ሲተነፍስ ሰማሁ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ለሐሙስ ልዘጋጅ ብዬ ስምንቱን ገጽ አወጣሁ።

ገጽ ሦስት ላይ፣ ትጋቴን ለማሳየት፣ እንዲህ ጽፌያለሁ፤ «ሌሎቹን አራት ሰዎች አሥር አሥር ደቂቃ፣ ብርሃኑን ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አነጋገርኩ።» ገጽ አምስት ላይ፣ በኋላ ሄጄ ስጠይቀው ብርሃኑ ያለኝን ቃል በቃል አስፍሬያለሁ፤ «ከክፍላችን የጠራችሁት እኔን ብቻ ነበር። እናንተ በሄዳችሁ በማግስቱ ጠዋት መጡብኝ።» ገጽ ስድስት ላይ የግርማቸው ደብዳቤ ወጪ የሆነበት ቀን አለ። ጉብኝቱ ማክሰኞ ነበር። ደብዳቤው የወጣው ዓርብ ነው።

ብርሃኑ የተመታው ረቡዕ ነው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። እኔ ሙያዬ ይህ ነው። የተረኛ መዝገብ ላይ የሁለት ሰዓት ልዩነት አግኝቼ መኮንን አስደንግጬ አውቃለሁ። የገዛ እጄን ጽሕፈት ግን አሥር ዓመት ሙሉ አላነበብኩትም። ሰው የሚጠላውን ካገኘ ቀን አይቆጥርም። ያን ልጅ በረንዳው ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ከሃያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እያዘንኩለት፣ እጁን እየያዝኩ፣ ሁሉም እያየኝ።

ጠዋት ሆዳን መርፌ ቁልፉን ስታስተካክልልኝ «ምን ሆንሽ፣ ኤዶ?» አለች። «ምንም» አልኩ። እሷም የሙያው ሰው ናትና አልጠየቀችኝም።

ወደ ጣቢያው ሳንናገር ተመለስን። እንደ ትናንቱ ሁሉም ተጠራ፣ ስልኩም እንደ ትናንቱ ተርገበገበ። ከአራቱ አንዱ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ነገረኝ። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም። ስለ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደሆነም አልጽፍም፤ የሚመለከተው ዘንድ ደርሷል። ሰባተኛዋ ደቂቃ ስትሞላ ገና አልጨረሰም ነበር። ብዕሬን ዘጋሁ። «ባረከላህ» አልኩ። ተነሳሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ መነሳት የለም። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና ትንሽ ፈገግ አለ። ያወቀው እሱ ነበር፤ ገና የገባኝ እኔ ነኝ።

ሐሙስ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግርማቸው ፊት ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ አልከፈትኩትም። በአማርኛ ልናገር ብዬ ጠየቅኩ፤ ሆዳን ልትተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች።

የብርሃኑን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስሙንና ከተማውን አልጠራሁም። ማን ስንት ደቂቃ እንዳነጋገረው፣ ማን ወንበሩን እንዳስጠጋ፣ ማን እጁን እንደያዘ፣ በማግስቱ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። «ያ ሰው እኔ ነኝ» ስል ሆዳን ቶሎ አልተረጎመችም፤ ዞር ብላ አየችኝ። «በይው» አልኳት። ተናገረችው።

ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ሴትዮ ያን ቀን አልሳቁም። «በእኛ አገር አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው የሚታሰረው» አሉ። «ለሁሉም ሰባት ደቂቃ ብንሰጥ ሳምንት አይበቃም።»

ሆዳን በራሷ ድምፅ መለሰች። «ሳምንት ካልበቃ ሁለት ሳምንት ቆዩ፤ ካልቻላችሁ በዕጣ አውጡ፣ ዕጣውንም በረንዳው ፊት አውጡት። ፖሊሱ እናንተ እንዳልመረጣችሁ በዓይኑ ይይ።» ከእስያ የመጡት ሰውዬ በእነሱ ዘንድ በፊደል ተራ እንደሚጠሩ፣ ደቂቃውን ግን አስበውት እንደማያውቁ ተናገሩ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሄደ። በመጨረሻ የእኛም፣ የእነሱም ተቋም እየሞከረ ያገኘውን ለሌላው ሊጽፍ ተስማማን። መጠይቁ ላይ ስለ እኩል ደቂቃ አዲስ ቁጥር ይገባል። ያዘጋጁት ሰዎች ስም ይጻፍ ስል አጥብቄ ተናገርኩ። የሆዳንና የእናቷ ስም ተጻፈ። የእኔም ተጻፈ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ።

ለምሳ ስንወጣ ግርማቸው ተከተለኝ። «ጥሩዬ፣ ስለ ደብዳቤው ስላላነሳሽ አመሰግናለሁ።»

«አታመስግነኝ» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። «ስም ዘርዝረህ ለአዛዥ መላክህ ያኔም ስህተት ነበር፣ ዛሬም ስህተት ነው። ቀድሜህ አበላሸሁ እንጂ አንተም ታበላሸው ነበር። የእኔን ተናግሬያለሁ። የአንተን የምትናገረው አንተ ነህ። ማይኩ እዚያ አለ።»

ማይኩን አየ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ «ተጨማሪ የሚናገር አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን ይነካካ ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ ይቅር የማለት ግዴታ አልገባሁም።

ዓርብ

ወይዘሮ ሐዋ ለመንገድ በጨርቅ የተቋጠረ ላሆህ ላኩልኝ። ሆዳን ድንበር ድረስ ሸኘችኝ። ገመዱ ጋ ስንደርስ መርፌ ቁልፉን ልነቅልላት ስል እጄን ያዘች። «ይቅር፤ እዚያም ነፋስ አለ።» በግራ በር ገብቼ በግራ በር ስለወረድኩ ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። ማዶ አብዲ መኪናውን ጠርጎ ይጠብቀኛል። «ኃጢአቱስ?» አለኝ ፖስታውን አይቶ።

«ከበደ» አልኩት።

ሜዳው እንደመጣሁበት ቀን ሰፊ ነበር። ያኔ ዛፍ የመሰሉኝን አሁን ከሩቅ ግመል መሆናቸውን አወቅኩ። ጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ጥግ ፈልጌ ብርሃኑ ጋ ደወልኩ። ከኋላው የኮምፕሬሰር ድምፅ ይሰማል።

«ቆይ፣ እማማ፣ በደህናው ጆሮዬ ላድርግዎ» አለ።

አድርጎ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከዚያ የሦስቱን ገጽ ነገር ነገርኩት፣ ሳላሳጥር። ኮምፕሬሰሩ ቆመ።

«እኔማ ያኔውኑ ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ስነግርዎ ይጽፉ ነበር።»

«አዎ። ጽፌዋለሁ።»

«አሁን ስትሄዱ ሌሎቹንም ትጠራላችሁ?»

«ሁሉንም።»

«ምንም የማይናገረውንም?»

«እሱንም። እኩል።»

«እንግዲያስ ጥሩ» አለኝ፣ እና ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋው።